በስሜ ቦታ የጻፍኩት ስም

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ ሳትሰማው አፈር ገባች። ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም። ሁዳዴ በገባ ቁጥር እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ሐሜቱን፣ ቅናቱን፣ በሰንበት የሠራሁትን ሥራ ሁሉ እዘረዝርላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ሰምተው "ሌላስ የለም ልጄ?" ይሉኛል። "የለም አባቴ" እላለሁ። ፈትተውኝ እነሳለሁ። ያልተናገርኩት ኃጢአት እንዴት ይፈታል? እንግዲህ አንተ የማላውቅህ አንባቢ፣ ፊትህን ስለማላየው ይሆናል፣ ላንተ ልናገር ነው። አንተ መስቀል የለህም፤ ልትፈታኝም አትችልም። የምነግርህም እንድትፈታኝ ብዬ አይደለም።

ይመር እባላለሁ። የአምባሰል ሰው ነኝ። በዚያ በክፉው ድርቅ ጊዜ ከወሎ ተጭነው አሶሳ ከወረዱት ሰፋሪዎች መካከል እኔና ታላቅ እህቴ አሰገደች ነበርን። የእህቴ ባል ገና ከአገራችን ሳንወጣ ነው የሞተው። ስንዱ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት፤ እሷም ጉዞ ስንጠብቅ በመጠለያው ውስጥ ተቅማጥ ገደላት። ሦስት ዓመት አልሞላትም ነበር። ያን ጊዜ ሬሳ እየተሰበሰበ ባንድ ጉድጓድ ስለሚቀበር፣ እህቴ ልጇ የት እንዳረፈች እንኳ አላወቀችም። አሶሳ ስንደርስ አሰገደች ሰው አልነበረችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች፤ ራሽኗን እኔ እቀበልላታለሁ፤ ካላጎረስኳት አትበላም።

የሰፈርንበት መንደር ከየወረዳው በመጣ ሰው የተሞላ ነበር። አንዱ የሌላውን ዘር ማንዘር አያውቅም፤ ማን ስንት ልጅ እንደነበረው፣ ማን ማንን እንደቀበረ የሚያውቅ የለም። እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬ ስለነበር የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ አደረጉኝ። አቤቱታ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። የጠፋ ዘመድ ለማፈላለግ፣ በበሬ ለመካሰስ፣ ለፍቺም ቢሆን ጽፌ እሰጣለሁ። ማመልከቻውን ይዤ አሶሳ አውራጃ ፍርድ ቤት ስመላለስ፣ ችሎት ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ፣ የክርክሩን ነገር ቀስ በቀስ ለመድኩት። ደግ ሰው ነው ይሉኝ ነበር። እኔም ደግ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

ከመንደራችን ወንዙን ተሻግሮ ሐሚድ የሚባል የበርታ ተወላጅ ነበር። አባቱ የተከሉት የማንጎ አትክልት አለው። ሰፈራው ሲመጣ ማሽላ የሚዘራበትን መሬት ግማሹን ዶዘር ገብቶበት ለማኅበር እርሻ ተወስዷል። በዚህ ቂም ይይዛል ብለን ስንፈራ፣ እሱ ግን በመጣን ሰሞን ማንጎ በቅርጫት ተሸክሞ እየመጣ ለልጆች ያድል ነበር። አማርኛው ስብርብር ያለ ነው፤ ወንድና ሴቱን አይለይም፤ ሆኖም የሚለው ይገባል።

አንድ ቀን በቀትር፣ ሰው ሁሉ ለማኅበር አረም ወጥቶ እኔ ብቻዬን ጽሕፈት ቤት ሳለሁ፣ ሐሚድ ከሚስቱ ከአሻ ጋር መጣ። ትከሻው ላይ አንዲት ሕፃን ተሸክሟል። ልጅቷ ጭንቅላቷ ተላጭቶ ቁንጮ ተትቶላታል፤ የአገራችን ልጅ መሆኗ ያስታውቃል።

"ልጅ መንገድ ላይ አለቀሰ" አለኝ። "ብቻ። እናት የለም፣ አባት የለም። ትኩሳት አለው። አሻ ወተት ሰጠ፣ ገንፎ ሰጠ። አሁን ደህና ሆነ። የናንተ ልጅ ነው፤ ለናንተ አመጣሁ።"

አሻ ልጅቷን ከባሏ ትከሻ አውርዳ እኔ እጅ ላይ አኖረቻት፤ ከዚያ ዞር ብላ ዓይኗን ጠረገች። ሰንብታ ለምዳት ኖሯል። አመሰገንኳቸው። ወላጆቿን እኔ አፈላልጋለሁ አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ያን ሰዓት እውነቴን ነበር። በማግሥቱ አሶሳ ሄጄ ለሰፈራው ጽሕፈት ቤት ላስታውቅ፣ እስከዚያ ግን እህቴ ትያዛት ብዬ ወደ አሰገደች ጎጆ ወሰድኳት።

አሰገደች ልጅቷን አየቻት። ከተኛችበት ተነሳች። ከመጣን ጀምሮ በራሷ ፈቃድ ስትነሳ ያየሁት ያን ቀን ነው። ውኃ አሞቀች፤ ልጅቷን አጠበቻት፤ የራሷን ነጠላ ቀድዳ አለበሰቻት። "ስምሽ ማነው የኔ እመቤት?" አለቻት። ልጅቷ "ብርቄ ነኝ" አለች፤ ጥርት አድርጋ። አሰገደች ሳቀችና "ስንዱ ነሽ እንጂ" አለቻት። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። ሰምቼ ዝም አልኩ።

በማግሥቱ አሶሳ አልሄድኩም። በሳልስቱም አልሄድኩም። ጎረቤት ሲጠይቅ፣ የአሰገደች ልጅ አሶሳ ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር፤ አሁን ድና መጣች አልኩ። ለጉዞው ስንመዘገብ የሰፈረው የስንዱ ስም ከራሽን መዝገብ ላይ ገና አልተሰረዘም ነበርና ማንም አልተጠራጠረም። ሰዉ እንኳን ማርያም ማረቻት እያለ ቆሎና እንቁላል ይዞ መጣ። እህቴ ሰው ሆነች። ማጀት ገባች፤ ጎመን ዘራች፤ ከሴቶች ጋር ውኃ መውረድ ጀመረች። ልጅቷም እያደር ብርቄ ነኝ ማለቱን ተወች። ስንዱ ሲሏት አቤት ትላለች። የአንዲት ሕፃን ስም ሲሞት እያየሁ፣ እህቴ ተረፈችልኝ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰግን ነበር። እንዲህ ያለ ምስጋና ማን ይቀበላል?

በቆሎው ሲያሽት እንጉዳይ መጣች።

እንጉዳይ የደላንታ ሰው ናት፤ ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ ሌላ የሰፋሪ መንደር ነው የመጣችው። ቀጭን፣ ረጅም፣ በሚያገረሽ ትኩሳት ጠጉሯ የረገፈ ሴት ነበረች። ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብላ ታሪኳን ነገረችኝ። አሶሳ በወረዱ ዕለት ትኩሳት ጥሏት ሐኪሞች በቃሬዛ ወሰዷት። ልጇን አብራት የመጣች ሴት ይዛት መኪና ላይ ወጣች። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሰው ሁሉ ወርዶ ሲጠብቅ፣ ልጅቷ ከሰው መሐል ወጥታ ጠፋች። ያች ሴት ፈርታ ሳትናገር ቆየች። እንጉዳይ ከሕመሟ ድና ስትመጣ ልጅ የለም።

"ገበያ ላይ አንድ የበርታ ሰው መንገድ ላይ ልጅ አገኘ ሲሉ ሰማሁ" አለችኝ። "ወንዙ ማዶ ነው አሉኝ ቤቱ። ሄጄ ልጠይቀው ብዬ፣ ቋንቋውን አላውቅ፣ ብቻዬን ፈራሁ። አንተ የምትጽፍ የምታነብ ነህ፤ የአገሬ ልጅ ነህ፤ እርዳኝ ወንድሜ።"

"ልጅሽ ማን ትባላለች?" አልኳት። ለምን ጠየቅኳት? አውቅ ነበር።

"ብርቄ" አለችኝ።

እዚያው፣ ከተቀመጥንበት ጥቂት ቤቶች አልፎ፣ ብርቄ ከአሰገደች ጎጆ ጓሮ በቆሎ እየበላች ነበር። ብጣራ ትሰማኛለች። እንጉዳይን እጇን ይዤ ባስነሳት፣ ውኃ ጠጥታ ሳትጨርስ ልጇን ታገኝ ነበር። እኔ ግን ምን አልኳት? "ወደ ሰውየው ቤት እንዳትሄጂ" አልኳት። "ብቻሽን ሄደሽ ከተነጋገርሽ ነገር ይበላሻል። በሕግ ነው የሚሆነው። ማመልከቻ እጽፍልሻለሁ።" አየህ፣ ሕግን ያመጣሁት ሁለት ሰዎች እንዳይነጋገሩ ነው። አንድ ጊዜ ቢነጋገሩ፣ በስብርብር አማርኛም ቢሆን፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሐሚድ "ለይመር ሰጠሁ" ይላታል፤ በቃ።

ከሁለት ቀን በኋላ እንድትመለስ ነግሬያት ወደ እህቴ ሄድኩ። "እናቲቱ መጥታለች" አልኳት። አሰገደች የያዘችውን ወንፊት አስቀመጠች።  ትጮሃለች፣ ታንቀኛለች፣ ራሴን እሰቅላለሁ ትላለች ብዬ ነበር። አላለችም።

"እንግዲህ እናት ከመጣች ምን እላለሁ" አለችኝ። "ውሰዳት። ብቻ እኔ ሳላይ ውሰዳት።"

ይህን ዓረፍተ ነገር ሰው ሁሉ እንዲሰማልኝ እፈልጋለሁ። ውሰዳት ነው ያለችው። እህቴ ልጅ አልሰረቀችም። መንገዱን ለቃልኛለች። ያልወሰድኳት እኔ ነኝ። እሷ ተመልሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር ታየኝ፤ ሁለተኛ የማጎርሳት መሰለኝ፤ ፈራሁ። ደግሞ ሌላም ፍርሃት ነበረብኝ፤ እሱን አልደብቅም። በሞተች ልጅ ስም ራሽን ስቀበል ኖሬያለሁ። የተገኘች ልጅ ሳላስታውቅ ደብቄያለሁ። ካድሬዎቹ ቢሰሙ የት እንደሚያስገቡኝ አውቃለሁ። ለእህቴ ብዬ ነው ያደረግሁት እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ሸነገልኩ! ግማሹ ለራሴ ነበር። ከግማሽም ይበልጣል።

እንጉዳይ በቀጠሮዋ መጣች፤ ማመልከቻውን ጻፍኩ። ልጅቷን ኩፍኝ ይዟታል ብዬ በር ተዘግቶባት እንድትውል አደረግሁ። አመልካች፦ ወይዘሮ እንጉዳይ ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ተጠሪ የሚጻፍበት ቦታ አለ። ተጠሪ ማለት ችሎት ቀርቦ መልስ የሚሰጥ ሰው ነው፤ የተጠየቀውን ነገር በእጁ የያዘው ነው ተጠሪ መሆን ያለበት። ልጅቷን የያዝኩት እኔ ነኝ። እዚያ ቦታ ላይ መጻፍ የነበረበት ይመር ነው። እኔ ሐሚድ ብዬ ጻፍኩ።

በስሕተት አልጻፍኩም። ብዙ አስቤበታለሁ። ሐሚድን ትቼ ሌላ ሰው ብከስ፣ ሐሚድ ምስክር ሆኖ ይጠራል፤ ምስክር ሲናገር ዳኛ ያምነዋል። ተጠሪ ካደረግሁት ግን አፉን ከፍቶ ይመር ወሰዳት ቢል፣ ራሱን ለማዳን በሌላ ላይ ያላክካል ይባላል። ይህን ተንኮል ማንም አላስተማረኝም፤ ችሎት ቁጭ ብዬ በማየት ያገኘሁት ነው። በመጨረሻም ልጅቷን ወደ ሱዳን ሳያሻግራት አልቀረም የሚል ጨመርኩበት። ቤቱ ተፈትሾ ስትታጣ፣ የታጣችበት ምክንያት እንዲኖር ነው።

ጽፌ አነበብኩላት። አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክራ ልታትም ስትል ቆም አለች።

"ሰውየው ይህን ማድረጉን በእርግጥ ታውቃለህ ወንድሜ? የሰው በደል እንዳይሆንብኝ።"

"አውቃለሁ" አልኳት።

ጣቷን ተጫነች።

ችሎቱ የዋለው መኸሩ ሲገባ ነው። ዳኛው ወጣት ሰው ነበሩ፤ ረጋ ብለው ይጠይቃሉ። ሐሚድ ነጭ ጀለቢያውን አጥቦ ለብሶ መጣ፤ አሻም ተከትላዋለች። መጥሪያው ሲደርሰው የተደሰተ መሰለኝ፤ የልጅቷ እናት ተገኘች ማለት ነውና። እኔን ሲያየኝ እጁን አንስቶ ሰላም አለኝ። ሊያግዘኝ መጣ ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

በአስተርጓሚ ነው የተናገረው። ልጅቷን የት እንዳገኛት፣ ስንት ቀን እንዳስታመሟት፣ ሁሉንም ሳይደብቅ ተናገረ። ከዚያ ለማን ሰጠሃት ሲሉት፣ አስተርጓሚውን ሳይጠብቅ ወደ እኔ ጠቆመ።

"ለሱ። ለይመር ሰጠሁ። እሱ ይናገር።"

 ዳኛው እኔን አስነስተው፣ አስምለው ጠየቁኝ። መጽሐፉ ላይ እጄን አድርጌ፣ ይህ ሰው ልጅ ሰጥቶኝ አያውቅም አልኩ። እንጉዳይ አጠገቤ ቆማ ነበር። ወደ እኔ ዘወር ብላ አየችኝ። ያን ጊዜ እንኳ በዓይኗ ጠይቃኛለች። እኔም በዓይኔ መለስኩላት፤ አትስሚው አልኳት። አመነችኝ። የአገሯ ልጅ አይደለሁም? ማመልከቻዋን ያለ ዋጋ የጻፍኩላት አይደለሁም?

አሻም መሰከረች፤ ሚስቱ ናትና አልተቀበሏትም። ሐሚድ የሚሉትን ሁሉ ረስቶ እኔን ብቻ ያይ ነበር። በቁጣ አይደለም። አንድ ነገር ረስቼ፣ ትንሽ ቢጠብቀኝ ትዝ እንደሚለኝ ዓይነት ነበር አስተያየቱ።

"ይመር" አለኝ፣ ቀስ ብሎ። "ጽሕፈት ቤት ውስጥ። ቀን። አሻ እጅህ ላይ አደረገ። ወላሂ፣ አንተ ታውቃለህ።"

"አላውቅም" አልኩት።

ዳኛው ፈረዱ። ተጠሪው ልጅቷን አግኝቶ ማቆየቱን በራሱ አንደበት አምኗል፤ ለሌላ ማስረከቡን ግን አላስረዳም፤ ስለዚህ ለእናቷ ያስረክብ አሉ። በዳኛው አልፈርድም። ያቀረብኩላቸውን ነው የፈረዱት። በተጻፈው ስም ነው የፈረዱት።

ከየት አምጥቶ ያስረክብ? ልጅቷን እስክታመጣ ተብሎ ታሰረ። ወሬው ከመንደር መንደር ዞረ፤ በርታዎቹ ልጅ እየሰረቁ ሱዳን ይሸጣሉ ተባለ። አንድ እሑድ የመንደራችን ጎበዞች መጥረቢያ ይዘው ወንዙን ተሻገሩ። አልከለከልኳቸውም። ከጽሕፈት ቤቱ ሆኜ ሲቆርጡ ይሰማኝ ነበር። ማንጎው ፍሬ ይዞ ነበር፤ የሐሚድ አባት የተከሉት ማንጎ። ቅርንጫፉን እየጎተቱ አመጡት፤ ልጆች ጥሬውን ማንጎ ለቀሙ። ብርቄም በላች። አሻ ልጆቿን ይዛ ወደ ኩርሙክ፣ ወደ ድንበሩ ሄደች። ሐሚድ ብዙ ቆይቶ ተፈታ፤ ቤቱ ሲደርስ ማንም የለም። እሱም የሄዱበትን መንገድ ተከትሎ ሄደ ተባለ።

እንጉዳይም ሄደች። ልጄ ሱዳን ናት ተብሎ የለ? ማን ነገራት? እኔ። በማመልከቻዋ ላይ ያ ዓረፍተ ነገር አለ፤ እኔ የጨመርኩት። ወታደሮች ከድንበር እየመለሷት፣ ደግማ እየሄደች፣ በየገበያው ሴት ሕፃን ባየች ቁጥር እየቆመች ከረመች። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ አግኝቻት እግሯ ቆስሎ ጨርቅ ጠቅልላበት ነበር። "ተስፋ አትቁረጪ" አልኳት። ይህን ቃል ከአፌ አወጣሁት።

አሁን ልጅቷስ ትላለህ። ልጅቷ አላደገችም። ሁለተኛው ክረምት አልፎ፣ ወባው በሚበረታበት ወር፣ ትኩሳት ያዛት። አሶሳ ሐኪም ቤት ተሸክሜ አደረስኳት፤ መርፌ ወጓት፤ አልሆነም። ስትሞት ጭንቅላቷ ክንዴ ላይ ነበር። ስንዱ ብለን ቀበርናት። በሌላ ልጅ ስም ኖራ በሌላ ልጅ ስም ተቀበረች። ያን ሁሉ ያደረግሁት ለዚህ ነበር። ሰው አሳሰርኩ፣ ቤት በተንኩ፣ እናት አንከራተትኩ፤ ያተረፍኩት ሁለት ክረምት ነው።

በሠልስቱ እንጉዳይ ለቅሶ መጣች።

የይመር እህት ልጅ ሞተባት ሲባል ሰምታ ነው። ውለታዬን ልትመልስ ነው ያን ሁሉ መንገድ በቆሰለ እግሯ የመጣችው። ከድንኳን ያልተናነሰ አንድ ዳስ ጥለን ነበር፤ ገባችና እህቴ እግር ሥር ተቀመጠች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች፣ ስንዱዬ፣ ስንዱዬ እያለች አለቀሰችላት። የራሷን ልጅ በማታውቀው ስም አለቀሰችላት። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ለእንጉዳይ አዘነ፤ የራሷ ኀዘን ትዝ ብሏት ነው አለ።

ከዚያ የእህቴን ራስ አቅፋ እንዲህ አለቻት፦

"አይዞሽ እህቴ። አንቺስ ታድለሻል። ልጅሽ የት እንደተኛች ታውቂያለሽ፤ ሲከፋሽ ሄደሽ ታለቅሺበታለሽ። እኔ የማለቅስበት አፈር የለኝም።"

አሰገደች ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። የመጀመሪያ ልጇን መቃብር የማታውቅ ሴት ናት እሷም። አፏ ሲከፈት አየሁ። "እንጉዳይ" አለች። "እንጉዳይ፣ ስሚኝ..."

ክንዷን ይዤ ጨመቅኳት። እስኪያማት ጨመቅኳት። "ደክሟታል፤ አልተኛችም፤ ተዉአት ትረፍ" አልኩ ለሰዉ። እህቴን አስነስቼ ወደ ጓዳ አስገባኋት። እውነቱ ከአፏ ሊወጣ ሲል መልሼ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አንድ ቃል ቀርቷት ነበር። ያን ቃል ብትል፣ እንጉዳይ ቢያንስ አፈሩን ታገኝ ነበር። ያንንም ነፈግኳት።

እንጉዳይ ከመሄዷ በፊት መቃብሩን አሳዩኝ አለች። ወሰድኳት። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። ዝናብ ያናወጠውን ድንጋይ አንስታ አስተካከለች፤ ተሳለመች፤ ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ "ነፍስ ይማር" አለችኝ። እኔም "አሜን" አልኳት። ከዚያ ወዲያ ንፍሮ አልቀመሰችም፤ መሽቶብኛል ብላ መንገድ ጀመረች።

አሰገደች ከዚያ ቀን በኋላ አላናገረችኝም። ጠላትም አላደረገችኝም፤ ብቻ ቃል አትመልስልኝም። ዓመት ሳይሞላት ሞተች። ሰው በወባ ሞተች አለ። እኔ ምን እላለሁ?

መንግሥት ሲወድቅ ሰፋሪው ግማሹ ወደ አገሩ ተመለሰ። እንጉዳይም ከተመላሾቹ ጋር ሄደች። ልትሰናበተኝ መጥታ፣ ምናልባት ብርቄ ተርፋ አድጋ ብትመጣ፣ እናትሽ ደላንታ ገብታለች በልልኝ አለችኝ። እሺ አልኳት። ያን ጊዜ ምን የሚያስፈራኝ ነገር ነበር? ካድሬዎቹ ሸሽተዋል። እህቴ ሞታለች። ራሽን የሚባል ነገር የለም። ልናገር እችል ነበር። ስትሄድ ቆሜ አየኋት፤ ምንም አላልኩም። የፍርሃቴ ምክንያት ሁሉ አልቆ ፍርሃቱ ብቻ ቀረ። ከዚያ በኋላ ስለ እሷ የሰማሁት የለም።

እኔ እዚሁ ቀረሁ። አሶሳ ከተማ ገባሁ፤ ሚስት አገባሁ፤ ሸቀጥ ሸጥኩ። ማመልከቻ መጻፍ ግን ተውኩ። ጻፍልን እያሉ የሚመጡ ነበሩ፤ ዓይኔ አያይም እላቸዋለሁ።

ብዙ ዓመት አልፎ፣ አንድ የገበያ ቀን፣ ከሱቄ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ቆሙ። ከዘራ ይዘዋል። ጢማቸው ነጭ ነው። አላወቅኋቸውም።

"ይመር?" አሉኝ።

በአጠራራቸው አወቅኋቸው። ሐሚድ ናቸው። ከሱዳን ተመልሰው ልጃቸው ዘንድ መግባታቸውን በኋላ ሰማሁ። ያን ጊዜ አንተ እለው የነበረው ሰው አሁን እርስዎ የሚባል አዛውንት ሆኗል፤ ተነሣሁ። ይተፉብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሰው ይሰበስባሉ፣ በከዘራ ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመቱኝ ደስ ይለኝ ነበር። እጄን ያዙና፣ ፊታቸውን ጠጋ አድርገው፣ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ።

"ልጅ... ደህና ነው?"

ሁለት ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር ነው። ልጅቷን እኔ እንደወሰድኳት ያውቃሉ፤ እንዳወቁ ነው ያረጁት። አሻ ኩርሙክ እንደሞተች በኋላ ከሰው ሰማሁ። ከሁሉ በፊት የጠየቁኝ ግን ስለ ልጅቷ ነው።

"ደህና ናት" አልኳቸው።

"አደገ?"

"አደገች። ሁለት ወለደች።"

የለመድኩት አፌ ነው የመለሰው። ሳላስበው ሁለት ልጆች ሰጠኋት።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ። "እኔ እስር ቤት ውስጥ ሁልጊዜ እንዲህ ይላል፦ ልጅ ከሞተ፣ ይህ ሁሉ በከንቱ ነው። ልጅ በሕይወት ካለ ግን ይሁን። ይሁን ይላል።" እጄን ነቅነቅ አድርገው ለቀቁኝና ከዘራቸውን እየተደገፉ ወደ ማንጎ ተራ ሄዱ።

ላስቆማቸው እችል ነበር። በሱቄና በማንጎ ተራው መካከል ያለው ሜዳ ረጅም አይደለም፤ እሳቸውም የሚሄዱት ቀስ ብለው ነው። ተቀምጬ ቀረሁ። በዚያው ዓመት ረመዳን ሳይገባ አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ከሰዉ ኋላ ቆሜ ነበር።

አሁን ሌሎቹ ሁሉ ሞተዋል፤ እንጉዳይም ትኑር ትሙት የሚነግረኝ የለም። ይቅር በሉኝ ብዬ መውደቅ የነበረብኝ እግር አንድም አጠገቤ የለም። እግሩ ሳለ አልወደቅሁም። ድርቁ ነው አልልም። ሰፈራው ነው፣ ዘመኑ ነው፣ እህቴ ናት አልልም፤ እነዚህ ሁሉ ተጠሪ አይደሉም። ብርቄ ወደ እናቷ እንዳትመለስ ያደረግሁ እኔ ነኝ። ለዚህ ምሕረት አልጠይቅም።